ወናፍ እያለን «የፊኛ ማሳበጫ» ለምን?

ልደቱም ሠርጉም ምርቃቱም በፊኛ የሚደምቅበት ዘመን ላይ ነን። ፊኛው ሲበዛ ደግሞ በአፍ ነፍቶ የሚዘልቀው ሰው የለምና ከፊኛው ጋር አንዲት ትንሽ የእጅ መሣሪያ አብራ ገባች፤ ገፋ ሳብ ሲያደርጓት አየር የምትተፋ፣ አንዳንዷም የፊኛውን አንገት የምትቋጥርበት ጎድጎድ ያላት የፕላስቲክ ዕቃ። ዕቃዋ መልካም ናት። ያስቆጣኝ የስሟ ነገር ነው። አንዱ ሻጭ «የፊኛ ማሳበጫ» ይላታል፤ ሌላው «የፊኛ አየር መሙያ ፓምፕ»። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማሽን ትርጉም የወለደው «የፊኛ ግሽበት ፓምፕ» ነው። ግሽበት የምንለው የዋጋን መናር ነው፤ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲያሻቅብ የምናማርርበት ቃል ነው። እንግሊዝኛ ለፊኛውም ለዋጋውም አንድ ቃል ስለሚጠቀም ብቻ የሕፃን መጫወቻ በገበያ ምሬት ስም ሊጠራ አይገባም። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ የሚጠራበት ቃል ከጥንት አለው።

ዕቃዋን አንባቢ ስለሚያውቃት ብዙ አላብራራም። የጎማ ፊኛን ታሪክም በአጭሩ ልለፈው፤ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1824 ሁለት የጎማ ቅጠሎችን ጠርዝ ለጠርዝ አጣብቆ፣ ውስጡ እንዳይጣበቅ ዱቄት ነስንሶበት፣ ለሃይድሮጅን ሙከራው የጎማ ከረጢት ሠራ። በዓመቱ ቶማስ ሃንኮክ ገዢው ራሱ የመጫወቻ ፊኛ የሚሠራበትን ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ የምናውቀው የላቴክስ ፊኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 ከአሜሪካዊው ኒል ቲሎትሰን እጅ ወጣ። የእጅ መንፊያዋ የፊኛው ረዳት ናት፤ ጥቅሟም ግልጽ ነው፤ የሰው አፍ የነካውን ፊኛ ሌላው እንዳይነካው፣ የነፊውም ጉንጭ እንዳይዝል ታደርጋለች።

ስሟን ፍለጋ የምነሣው ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከኒው ሀልፋና ከገዳሪፍ ነው። ምክንያቱም አማርኛ እዚያ ከዓረብኛና ከትግርኛ ጋር በአንድ ገበያ ይውላል። ከጎንደር በመተማና በገላባት በኩል ገዳሪፍ የሚያደርሰው መንገድ ነጋዴውንም ስደተኛውንም ሲያመላልስ ኖሯል፤ ኡም ራኩባ ካምፕ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከረሃብ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠለለ፣ በ2020 ደግሞ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ እንደገና ተከፈተ። በዚህ አካባቢ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ፊኛን «ኑፋኻ»፣ መንፊያዋን «ሚንፋኽ» ሲሉ ይሰማል። ቤቱ ሲገባም እናቱ «ሂድ፣ ከጎረቤት ሚንፋኹን ተዋስና ና» ብትለው አይገርምም። በየትኛውም የስደት አገር ቋንቋ እንዲህ ይቀላቀላል፤ ይህን አልነቅፍም። ግን «ሚንፋኽ» የሚለው ልጅ ቃሉ በቤቱም ወንድም እንዳለው ማንም አልነገረውም።

ወንድሙ ወናፍ ነው። ወናፍ በአማርኛ የአንጥረኛው የእሳት ማናፊያ ነው። ሁለት የፍየል ቆዳ ስልቻዎች ጎን ለጎን ተነጥፈው፣ ረዳቱ በሁለት እጁ አንዱን ሲከፍት ሌላውን እየጫነ፣ አየሩን በሸክላ ቱቦ ወደ ፍሙ ይልከዋል። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፤ እሳቱ ትንፋሽ አያጣም። አሁን የተሻለችውን የፊኛ መንፊያ እጃችሁ ላይ ያዟት። ስትገፏት አየር ትሰጣለች፣ ስትስቧትም ትሰጣለች፤ ፊኛው ሳያቋርጥ ያድጋል። የአሠራሩ ሐሳብ ያው የወናፉ ሐሳብ ነው፤ የተለወጠው ቆዳው በፕላስቲክ፣ ፍሙ በፊኛ መተካቱ ነው።

ሥሩን ደግሞ እንመልከት። በግእዝ ሁለት ግሦች አሉ፤ አንዱ ነፍኀ፣ ትርጉሙ ነፋ፣ እፍ አለ፣ መለከት ነፋ፤ ሁለተኛው ነፈየ፣ ትርጉሙ ዱቄትን በወንፊት ነፋ። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል ሁለቱ ግሦች አንድ ላይ ወደቁና ሁለቱም «ነፋ» ሆኑ። ትግርኛ ግን «ነፍሐ» ብሎ ጉሮሮውን ይዞ ቆየ፤ ዓረብኛም «ነፈኸ» ይላል። የሚንፋኽ «ኽ» የነፍኀ «ኀ» ነው። በዕብራይስጡም የአንጥረኛው ማናፊያ ስም ከዚሁ ሥር ይወጣል፤ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 6 የአቅላጩ ወናፍ የሚነሣበት ቦታ ቃሉ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ወናፍ የምንለው ስም ከኤርምያስ አቅላጭ እስከ ገዳሪፍ ገበያ በሚዘረጋ ዘመድ መካከል የቆመ ነው።

«ታዲያ ሚንፋኽ በመ ሲጀምር ወናፍ ለምን በወ ጀመረ?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ መልሱ ራሱ የአማርኛን ጠባይ ያሳያል። መሣሪያን የሚያመለክተው የጥንቱ መነሻ ምዕላድ «መ» ነው። ቃሉ ውስጥ ሌላ በከንፈር የሚወጣ ድምፅ ሲኖር ግን አማርኛ በአንዳንድ የቆዩ ቃላት ሁለቱን ከንፈራዊ አንድ ላይ መሸከም አልወደደምና «መ»ን ወደ «ወ» ለወጠው። መንበር ወንበር የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ የዱቄቱ ወንፊትም እንዲሁ ነው፤ ወናፍም ሦስተኛው ነው። የጥንቷ ባቢሎን ቋንቋ አካድኛም ይህንኑ ችግር ገጥሞት «መ»ን ወደ «ነ» በመለወጥ ተገላግሏል፤ ዓረብኛ «መርከባ» የሚለውን ሠረገላ አካድኛ «ናርካብቱ» ያለው ለዚህ ነው። ወናፍ እንግዲህ በዘፈቀደ የተፈጠረ ቃል አይደለም፤ ቋንቋው በራሱ ሕግ ቀርጾ ያወጣው ነው።

የተፎካካሪዎቹን ቃላት ነገር በተራ ልመርምር። «ማሳበጫ» አይሆንም። አበጠ የሚባለው የተመታ እግር ነው፣ ያመረቀዘ ቁስል ነው፣ በትዕቢት የተነፋ ሰው ነው። ቃሉ ሕመምና ነቀፋ ተሸክሞ ሳለ የልደት ጌጥ ላይ ለምን እናስቀምጠዋለን? «አየር መሙያ» ከእሱ ይሻላል፤ ግን ሞላ የሚለው ግሥ እንስራን ያስባል። እንስራ ውሃ ሲሞላ መጠኑ ያው ነው፤ ፊኛ ግን ራሱ ያድጋል። ለዚህ አማርኛ የሚለው ነፋ ነው፤ ሆድ ይነፋል፣ ጎማ ይነፋል፣ መለከትና እምቢልታም ይነፋሉ። «ፖምፓ» ከጣልያንኛ የመጣ፣ ከጎሚስታው ጋር አብሮ የገባ ቃል ነው፤ «ፓምፕ» የሚለውም የሱ ዘመድ ነው። በውሃና በነዳጅ መሳቢያ ላይ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ ላፈናቅለው አልፈልግም። ለፊኛ ሲመጣ ግን ያለ አስፈላጊነት የተጋበዘ እንግዳ ነው።

ትክክለኛው ተፎካካሪ «መንፊያ» ነው። ከመጥረጊያና ከመክፈቻ ጋር በአንድ ሥርዓት የተሠራ፣ ማንም የሚረዳው ቃል ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ተጠቅሜበታለሁ። ችግሩ ሁለቱ ግሦች በአንድ «ነፋ» መቀላቀላቸው ነው። ወጥ ቤት ውስጥ «መንፊያውን አቀብይኝ» ያለችን ሴት ዱቄት ልትነፋ ነው ወይስ ፊኛ? ግሡ አይነግረንም። ስሞቹ ግን ግሡ ያጣውን ልዩነት ጠብቀውልናል፤ ከነፈየ የወጣው ወንፊት ነው፣ ከነፍኀ የወጣው ወናፍ ነው። ዱቄቱ ወንፊቱን፣ አየሩ ወናፉን ያገኛል። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፣ ከሞቱ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የሚያስተምረን ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ሥሩን ካወቅህ አዲስ ለመፍጠር ከመቸኮልህ በፊት ያለህን ታያለህ። መንፊያን እንደ ገላጭ ቃል ልንተወው እንችላለን፤ ለዕቃዋ መጠሪያ ግን ወናፍን እመርጣለሁ፤ «የፊኛ ወናፍ»።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ወናፍ የቆዳ ነው፣ ይህች የፕላስቲክ ናት» የሚል ነው። ይህን ለሚል ሰው ፊኛ የሚለውን ቃል ራሱን አሳየዋለሁ። ፊኛ መጀመሪያ የሽንት ከረጢት ስም ነው፤ ሐኪሙም እስከ ዛሬ የሽንት ፊኛ ይላል። የበዓል በግ ሲታረድ ልጆች ፊኛውን ወስደው ነፍተው ሲጫወቱበት የኖሩ ናቸውና፣ የጎማው መጫወቻ ሲመጣ ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ማንም ጉባኤ አልተሰበሰበም፣ ማንም «የጎማ አየር ከረጢት» አላለም። ቃሉ ከሥጋ ወደ ጎማ ከተሻገረ፣ ወናፍ ከቆዳ ወደ ፕላስቲክ መሻገር አያቅተውም። እንዲያውም ፊኛ ከእርዱ፣ ወናፍ ከአንጥረኛው ቤት ወጥተው በልጅ እጅ ላይ መገናኘታቸው ለቃላቱ ክብር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ በግልጽ አይነገርም፤ ግን አለ። ወናፍ የቀጥቃጭ ዕቃ ነው፤ ቀጥቃጩ ደግሞ ጠይብ ተብሎ የተናቀ፣ ቡዳ ተብሎ የተፈራ ሰው ነበር። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች፣ ማረሻውንና ማጭዱን የሠሩልን እጆች በምላሹ ስድብ ተከፈላቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ የከፋ ስለነበር ነው። ቃሉን ስለ ቀጥቃጩ ስንሸሸው ያንን ንቀት በሌላ በር እናስገባዋለን። የአንጥረኛውን መሣሪያ ስም በየቤቱ፣ በልጆች በዓል ላይ መጥራት ለሙያው የሚገባውን ቦታ መስጠት ነው። አንድም እሱን ፍለጋ ነው ወናፍን አጥብቄ የያዝኩት።

የመቋጠሪያዋ ክፍል ስም ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎች «ማሰሪያ» ይሏታል። በግ ይታሰራል፣ ነዶ ይታሰራል፣ የሚታሰረው በሌላ ገመድ ነው። የፊኛው አንገት ግን በራሱ ላይ ተጠምዝዞ በራሱ ቀለበት ያልፋል፤ ይህ መቋጠር ነው። ገንዘብ በነጠላ ጫፍ ይቋጠራል፣ ስንቅ በጨርቅ ይቋጠራል፤ ጨርቁ ራሱ ገመድ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሏ መቋጠሪያ ናት፤ ሙሉው ዕቃ ሲጠራም «የፊኛ ወናፍ ከነመቋጠሪያው» ይባል። ከዚህ በኋላ ፊኛው ተነፋ፣ ተቋጠረ፣ ተንጠለጠለ፤ አንድም የተዋስነው ቃል አላስፈለገንም። በማሸጊያው ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ በጥሩ አማርኛ ቢጻፍ እወዳለሁ፤ ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ የሕፃንን ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለ አዋቂ አይያዙት።

አሮጌን ቃል ለአዲስ ነገር መስጠት ኋላ ቀርነት የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ኒው ሀልፋ ይመልከት። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ ዋዲ ሀልፋን ሲያሰጥማት ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን ከእ.ኤ.አ. 1964 ጀምሮ ወደ አትባራ ወንዝ ዳር ተዘዋወሩ። መንግሥት የሰጣቸው መንደሮች በቁጥር የሚጠሩ ነበሩ። ሰዎቹ ግን የናይል ዳሯን ሀልፋ ስም ይዘው መጥተው «አዲሲቱ ሀልፋ» አሏት፤ ዛሬ ኒው ሀልፋ የምንላት እሷ ናት። ለእርሻዋ ውሃ የሚሰጠው ግድብ የቆመበት ቦታ ስሙ ኻሽም ኤል ጊርባ ነው፤ በሱዳን ዓረብኛ «የስልቻ አፍ» ማለት ነው፤ ውሃ የሚያዝበት የፍየል ቆዳ ስልቻ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደውን አትባራን የገደበው ሲሚንቶ በፍየል ቆዳ ስም ይጠራል፤ ማንም ቀለለብኝ አላለም። በቁጥር ከተሰየመው መንደር ይልቅ ሕዝቡ አጥብቆ የያዘው ትርጉሙን የሚያውቀውን ስም ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገኖች ነው። ዕቃውን የምታስመጡ ነጋዴዎች ማሸጊያው ላይ «የፊኛ ወናፍ» ብላችሁ ጻፉ፤ ከ«ግሽበት ፓምፕ» አጭርም ቆንጆም ነው። የማስታወቂያና የመማሪያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሰዎች ማሽን የሰጣችሁን ቃል እንደ ወረደ ከመለጠፋችሁ በፊት መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ አማርኛ የጎደለው ቃል ሳይሆን የሚፈልግለት ሰው ነው። በገዳሪፍ፣ በኒው ሀልፋና በካምፖቹ ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ «ሚንፋኽ» ሲል አትቆጡት፤ ቃሉ የዘመድ ቃል ነው። አጠገቡ ግን ወናፍን አስቀምጡለት፤ መ ወደ ወ እንዴት እንደተለወጠ፣ ኽ የት እንደጠፋ ንገሩት። ሁለቱ ቋንቋዎቹ ከአንድ ቤት እንደወጡ የተረዳ ልጅ በአንደኛውም አያፍርም።