ስሙ የመደብር፣ አካሉ የደንብ፦ የአሜሪካው «ስቶክ ካር» በአውሮፓ ምድር



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአሸናፊዎችን ታሪክ ሳይሆን የሻንሲን፣ የካምቢዮንና የካርቡራቶርን ታሪክ ነው። የቴክኖሎጂ ታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ከሾፌሩ ይልቅ መኪናው ይስበኛል፤ ሰዎች በአንድ ዘመን የተስማሙበትንና የተጣሉበትን ጉዳይ ብረቱ ይዞ ይቆያልና። አብዛኞቹን ዕቃዎች የአገራችን መካኒኮች ከጣሊያንኛ በወረሷቸው ስሞች እጠራቸዋለሁ። ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

«ስቶክ ካር» ማለት በመነሻው ለውድድር ያልተሠራ፣ ከመደብር እንደ ወጣ ያለ መኪና ማለት ነበር። በ1948 የተመሠረተው ናስካር፣ ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች ብቻ የተዘጋጀውን የመጀመሪያ ውድድር በሰኔ 1949 በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርለት ከተማ አካሄደ። ግሌን ደናዌይ በፎርድ መኪና ቀድሞ ገባ። ከውድድሩ በኋላ መኪናው ሲፈተሽ ግን የኋላ ባሌስትራው ተነካክቶ ተገኘ፤ ሕገ ወጥ አረቄ የሚያጓጉዙ ሰዎች መኪናቸው በጭነት እንዳይጎብጥ የሚያደርጉት ዓይነት ማስተካከያ ነበር። ድሉ ተነሥቶ ሊንከን ለነዳው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የፎርዱ ባለቤት ቢከስም ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው። በእኔ አመለካከት የዚህ ስፖርት መሠረት የተጣለው በዚህ ውሳኔ ነው፤ የትኛው ብረት ይፈቀዳል፣ የትኛው ይከለከላል የሚለውን የመወሰን ሥልጣን በደንብ አውጪው እጅ ጸና።

ይህ ስፖርት ወደ አውሮፓ ሲሻገር መጀመሪያ የገጠመው ነገር አላማረም። በ1976 ሁለት የአሜሪካ ስቶክ ካሮች በፈረንሳይ በሚካሄደው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ተሳተፉ። የኸርሸል ማክግሪፍ ዶጅ ቻርጀር ገና በ2ኛው ዙር ቆመ፤ በዚያ የቀረበው የቤንዚን ጥራት ለሞተሩ አልተስማማም ነበር። ሁለተኛው መኪና፣ ፎርድ ቶሪኖው፣ እስከ ሌሊቱ ቢዘልቅም አልጨረሰም። መኪና ብቻውን ተሻግሮ እንደማይኖር ይህ አጋጣሚ አሳየ፤ ቤንዚኑ፣ መንገዱና ደንቡም አብረውት መሻገር ነበረባቸው።

እነዚህ ተሟልተው የተገኙት ብዙ ቆይቶ ነው። በ2009 በፈረንሳይ መሠረት የያዘ አንድ ተከታታይ ውድድር ተጀመረ፤ በ2012 ናስካር ዕውቅና ሰጠው፤ በ2013 ደግሞ ናስካር ዌለን ዩሮ ሲሪስ ተባለ። መኪናውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ሻንሲው ከብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ ሾፌሩን የሚጠብቀው የብረት አጥርም የዚሁ አካል ነው። ሞተሩ 5.7 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሲሆን ጉልበቱ 400 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ካምቢዮው በእጅ የሚቀየር ባለ 4 ማርሽ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ፣ ነዳጅ ሲሰጥም እንዳይንሸራተት የሚረዳ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። በላዩ የሚለብሰው ቦዲ ካማሮ ወይም ሙስታንግ ሊመስል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

አሜሪካዊው ዘመዱ ባብዛኛው በሞላላ ሜዳ ወደ ግራ ብቻ ሲዞር፣ ይህኛው እንደ እንግሊዙ ብራንድስ ሃች ባሉ ጠመዝማዛ መስመሮች በሁለቱም አቅጣጫ መታጠፍ አለበት። ዝናብ ሲዘንብም ውድድሩ በዝናብ ጎማ ይቀጥላል። አንዱን መኪና ሁለት ሾፌሮች በሁለት የተለያዩ ምድቦች ይወዳደሩበታል፤ ወጪውንም ይካፈሉበታል።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም አንድ አጋጣሚ አለ። ናስካር ለአውሮፓው ውድድር ዕውቅና በሰጠበት በዚያው በ2012፣ በአሜሪካ ከፍተኛው ምድብ ካርቡራቶርን ትቶ በኤሌክትሮኒክስ ወደሚመራ የነዳጅ አሰጣጥ ተሸጋገረ። የአውሮፓው መኪና ግን ካርቡራቶሩን ይዞ ቀጠለ። በ2022 ደግሞ የአሜሪካው መኪና የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘውን አንድ ወጥ አክስልና የቆየውን ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ተወ።

ታዲያ አውሮፓውያን ኋላ ቀርተው ነው? አይመስለኝም። ለ ማን ላይ ድንቅ ኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩት እነርሱው ናቸው። አሮጌውን ዕቃ የያዙት አውቀው ነው፦ ዋጋው እንዳይንር፣ ሀብታሙ ቡድን በገንዘቡ ብቻ እንዳይቀድም፣ የሾፌሩ እጅና እግር እንዲፈተን። የቴክኖሎጂ ታሪክ ሁልጊዜ ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ ነው የሚለውን አስተያየት ይህ መኪና በዝምታ ይሞግተዋል።

ይሁን እንጂ ምስጋናዬ ያለ ወሰን አይደለም። በ1949 ተመልካቹ በሜዳው ያየውን መኪና ከመደብር ሊገዛው ይችል ነበር። ዛሬ ከመደብሩ የቀረው ስሙና መልኩ ብቻ ነው። እኩልነቱ እውነተኛ ነው፤ የፋብሪካዎቹ ፉክክር ግን የቦዲ ፉክክር ነው። ደናዌይን ድሉን ያሳጣው ከፋብሪካው ሥራ መራቁ ነበር፤ ዛሬ ከፋብሪካ እንደ ወጣ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ከፍተሻው በር ይመለሳል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ አንድ ማሽን አርጅቶ ስታዩት «ለምን አልተሻሻለም?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። እንዲቆይ የወሰነው ማን ነው? ከመቆየቱስ ማን ይጠቀማል? መልሱን ከሞተሩ ይልቅ በደንቡ መጽሐፍ ውስጥ ታገኙታላችሁ።