ማግኔት፣ ኤሌክትሪክ፣ ጉልበትና ብርሃን፦ ልጆቻችን የሚማሩት ለቤታችን ምን ይጠቅማል?

ልጆቻችን የፊዚካ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ «እኛ ይህን አልተማርንም» ብለን ዝም የምንልበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገሩ ግን ከእኛ የራቀ አይደለም። አንዱን አባቶቻችን በአገር ቤት በእጃቸው ሠርተውበታል፤ ሌላውን ዛሬ አሽዶድ ባለው ቤታችን በየቀኑ እንጠቀምበታለን። አንዳንዱን አለማወቅ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ አራቱን ነገሮች በአጭሩ እናቀርባለን።

ማግኔት

ማግኔት ሁሉንም ማዕድን አይስብም። ብረትን፣ ኒኬልንና ኮባልትን አጥብቆ ይስባል፤ መዳብን፣ አሉሚኒየምንና ወርቅን ግን አይስብም። ሰሜንና ደቡብ የሚባሉ ሁለት ጫፎች አሉት። የተለያዩት ጫፎች ይሳሳባሉ፣ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ።

በጎንደር አካባቢ፣ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች፣ አባቶቻችን ብረት እየቀጠቀጡ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ብረቱ በወናፍ ተነፍቶ ከ770 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ማግኔት አይስበውም፤ ሲቀዘቅዝ ግን እንደገና ይስበዋል። ምክንያቱም በብረቱ ውስጥ ያሉት እጅግ ጥቃቅን ማግኔቶች በሙቀቱ ኃይል ሥርዓታቸውን ስለሚያጡ ነው።

ኤሌክትሪክ

«ሐሽማል» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል ከነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በ1831 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። በአሽዶድ ሰሜን በሚገኘው የኤሽኮል ኃይል ማመንጫ የሚሠራውም ይኸው ነው። የተፈጥሮ ጋዝ የገባለት በ2004 ሲሆን፣ ከሚነደው ጋዝ የሚገኘው ሙቀት ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑም ማግኔቱን በመዳብ ሽቦ መሐል ያሽከረክረዋል።

ሦስት ቃላት ማወቅ ይበቃል። ቮልት ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት ነው፤ ምንጩ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው በኃይል እንደሚወርደው ማለት ነው። አምፔር በሽቦው የሚያልፈው መጠን ነው። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሆናሉ። በእስራኤል ቤቶች ግፊቱ 230 ቮልት ሲሆን፣ የተለመደው ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር ነው።

አሁን እናስላ። 2000 ዋት የሆነ የክረምት ማሞቂያ ወደ 9 አምፔር ይወስዳል። ሁለት ማሞቂያ በአንድ ማራዘሚያ ገመድ ከሰካን ከ17 አምፔር ያልፋል፤ ገመዱ ይግላል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። ለሰንበት ፕላታ የተሰካበት ገመድ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ፣ ማሞቂያ በዚያው ላይ አይሰካ።

በመብራት ሳጥኑ ውስጥ ያለው «ማፍሴቅ ፓሐት» የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ያነጻጽራል። 30 ሚሊአምፔር ያህል ከጎደለ፣ ምናልባት በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ብሎ ወዲያው ይቆርጣል። የመፈተሻዋን ትንሽ ቁልፍ በየጊዜው ተጫኑ። ካልወረደ፣ ወይም ያለ ምክንያት ደጋግሞ ከወረደ፣ ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ ጥሩ። ነገር ግን ሰው ሁለቱን ሽቦዎች በአንድ ጊዜ ከያዘ መሣሪያው ላያድነው ይችላል። ስለዚህ ሕፃናት በሶኬት እንዳይጫወቱ መጠበቅ አይቀርም።

ጉልበት

አይዛክ ኒውተን በ1687 እንዳስረዳው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያቆመው ጉልበት ካላገኘ መሄዱን ይቀጥላል። አውቶቡስ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት የምንወድቀው ለዚህ ነው። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቢጋጭ፣ ያልታሰረ ልጅ ወደ ፊት የሚወረወረው ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ያህል፣ ወድቆ መሬት በሚደርስበት ፍጥነት ነው። ይህን የእናት ክንድ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ መንገዱ አጭር ነው ብለን ልጅን ታቅፈን አንሂድ፤ በልጆች መቀመጫ እንሰረው።

ብርሃን

ብርሃን በሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መንገዱ ይታጠፋል። ውኃ ውስጥ የገባ በትር የተሰበረ የሚመስለው ለዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት ጥልቀቱም ዓይንን ያታልላል፤ ከላይ ሲያዩት 2 ሜትር የሆነው ገንዳ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ይመስላል። ልጅ «እደርሳለሁ» ብሎ ይገባና እግሩ መሬት ያጣል። የምንኖረው ባሕር ዳር ነውና፣ ልጆቻችን የሚዋኙት ማጺል በሚጠብቅበት ቦታና ሰዓት ብቻ ይሁን።

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አንዱን ጠይቁት፤ እሱ ያስረዳችሁ፣ እናንተም ስለ ወናፉና ስለ ብረቱ ንገሩት። ሁላችሁም ትማራላችሁ። ሰላም ሁኑ።