አሮጌ ሞተር እየሰበሩ ሙያ የለመዱ ሰዎች ታሪክ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

ባለፈው ጠቅላላ ጉባዔ የድንኳኑና የወንበሩ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ብዙ ሰዓት የወሰደብን፣ በዕቃ ቤታችን ጥግ የቆመው አሮጌ ሞተር ሳይክል ነገር እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። የሰፈራችን ልጆች ቴስታውን ፈትተው ሲገጥሙ አንድ ቡሎን ሰበሩ። ገሚሱ «ለቁራሌው ይሸጥ» አለ፤ ገሚሱ «ልጆቹ ይክፈሉ» አለ። እኔ ዕድሜዬን በጋራዥ የፈጀሁት ሰውዬ ግን ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝምታዬ ስላልተመቸኝ ይህን አጭር ታሪክ ጻፍሁ።

ሩቅ አገር ከመሄዳችን በፊት ከአባይ ማዶ እንጀምር። እንደሚታወቀው ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ስለ ነበሩ «ይህን ሥራ አናውቅም» ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ተደገመ፤ በመጨረሻም ተሳካ። ከዚያ ምድጃ የወጣው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን፣ ማለትም 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው መክሸፍ የሥራው መጨረሻ ቢሆን ኖሮ፣ ሴባስቶፖል የሚባል መድፍ ባልነበረ።

አሁን ወደ ሞተር ሳይክል እንምጣ። በኒውዚላንድ አገር በ1899 እ.ኤ.አ. የተወለደ በርት መንሮ የሚባል ሰው ነበር። በ1920 እ.ኤ.አ. ኢንዲያን ስካውት የሚባል ሞተር ሳይክል ገዛ። ሞተሩ 600 ሲ.ሲ. ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር አያልፍም ነበር። መንሮ በዚህ አልረካም። ማሽን የሞላበት ወርክሾፕ ስላልነበረው ፒስተኑን በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ራሱ እያቀለጠ አፈሰሰ፤ ቢዬላውን ከትራክተር አክሰል ብረት በእጁ እየሞረደ ሠራ። የሠራው ሁሉ ግን ይሰበራል። ፒስተን ይበሳል፣ ቢዬላ ይቆረጣል፣ ሲሊንደር ይሰነጠቃል፤ እሱም እንደገና ይጀምራል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው የተሰበረውን አልጣለም። በመደርደሪያ ላይ ደርድሮ «ለፍጥነት አምላክ የቀረበ መባ» ብሎ ጻፈበት። ቀልድ ነው፤ ቁም ነገርም አለበት። የተሰበረ ዕቃ ማንበብ ለሚችል ሰው ደብዳቤ ነውና። ፒስተን አናቱ ላይ ከተበሳ፣ ወይ ቤንዚኑ ከአየሩ አንሷል፣ ወይ የካንዴላው እሳት ቀድሟል። ጎኑ ከተፋቀ ዘይት አጥቷል ወይም ከልክ በላይ ጠቧል። ቢዬላ ከተቆረጠ ብረቱ ደክሟል። መንሮ እንዲህ እያለ አርባ ዓመት ያህል ቆየ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በ68 ዓመቱ በአሜሪካ በቦንቪል የጨው ሜዳ ያንኑ አሮጌ ሞተር በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ አስኬዶ በመደቡ የዓለም ሪከርድ ያዘ።

ይሁን እንጂ መስበር ብቻውን አያስተምርም። ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ የፒስተን ፋሻ ሠርቶ ለቶዮታ ሲያቀርብ፣ ለምርመራ ከተመረጡት 50 ፋሻዎች ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊትም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋሻ ለመሥራት ሲሞክር ብረቱ ውስጥ ምን እንደ ጎደለ በዓይን ብቻ ማወቅ ስላልቻለ፣ ድርጅት እያለው በሐማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ከልጆች ጋር ተማረ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊት ሬዲዮ የተሠሩ ትንንሽ ሞተሮችን ገዝቶ በብስክሌት ላይ ገጠመ። የዛሬው ሆንዳ የበቀለው ከዚያ ነው።

ከራሴም አንድ ልጨምር። ልጅ ሳለሁ በሌላ ከተማ በአንድ ጋራዥ ስሠራ፣ ፒስተን ዘይት ሳልቀባ ገጠምሁና ሞተሩ ግማሽ ቀን ሳይሠራ ተጣበቀ። ጌታዬ የሁለት ወር ደመወዜን ቆረጠ። ምን ይደረግ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የሚያንገበግበኝ ግን ፒስተኑን ሳያሳየኝ መጣሉ ነው። ለምን እንደ ተጣበቀ ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ሌላ ሞተር አበላሽቼ ነው። አንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው።

ቴስታ፣ ቢዬላ፣ ፋሻ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ከኢጣሊያኖች የቀሩ ናቸው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጦራቸው ቡሬን ለቅቆ በኛው በማንኩሳ መንገድ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ጦሩ ሄደ፤ ቃሉ በጋራዡ ቀረ። ሙያውን ግን ማንም ጥሎልን አልሄደም፤ አባቶቻችን አሮጌ መኪና እየፈቱ ራሳቸው ለመዱት እንጂ።

ስለሆነም ለሚመጣው ጉባዔ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ፦

1ኛ/ ሞተር ሳይክሉ አይሸጥ፤ ለልጆቹ መማሪያ ይሁን።

2ኛ/ እኔ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ እየመጣሁ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ የማላውቀውን ከተማረ ሰው ጠይቀን እንማራለን።

3ኛ/ ለቀብርና ለኀዘንተኛ ከተዋጣው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካ።

«ካልደፈረሰ አይጠራም» ይላሉ አባቶች። የተሰበረውን ቡሎን አይቼዋለሁ፤ ልጆቹ ሁሉንም ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ሲገባቸው አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ይህን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ቡሎኑ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ መደርደሪያ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ ይሆናል።