ሊዝ ላድርጋት ወይስ ልግዛት?

በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ከአንድ የመኪና መሸጫ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የወደድኳት መኪና አግኝቻለሁ፤ መልኳ ግን ለየት ይላል። መጥተው ይዩልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት መኪኖች መካከል የትኛዋ እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ኒሳን ኪዩብ ነበረች። ማዕዘኖቿ የተሞረዱ ሣጥን ትመስላለች። የኋላ መስኮቷ በአንድ በኩል ታጥፎ ከጎኗ መስኮት ጋር ይገጥማል፤ በሌላው በኩል ግን በቆርቆሮ የተዘጋ ነው። አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ታስመስላለች። የኋላ በሯ ወደ ላይ አይነሣም፤ እንደ ፍሪጅ በር ወደ ጎን ይከፈታል። ውስጧ ገብቼ ቀና ስል ኮርኒሷ ጠጠር የወደቀበት ኩሬ ሆኖ ታየኝ፤ ከመሐል ተነሥቶ ዳር ድረስ ክብ በክብ የሚሰፋ ሞገድ ተቀርጾበታል። ሁለቱ ልጆቿ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሞገዱን በጣታቸው ይቆጥራሉ። ለእናታቸው ሥራ፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤትና ለቅዳሜ አስቤዛ የምትበቃ መኪና ነበረች።

ሻጩ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ወደ እኔ ዞር አለችና «ሊዝ ላድርጋት ወይስ ልግዛት?» አለችኝ።

ቃላት መመርመር ልማዴ ስለሆነ ጥያቄው ከመኪናው በላይ ያዘኝ። ያን ቀን ማታ ደግሞ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ ነገሩን ሰማች። «በሊዝ ነው? ታዲያ ስንት ዓመት ሰጡሽ?» አለቻት። ልጅቱ «ሦስት ዓመት» ስትላት እናት ደነገጠች። «ምነው ልጄ! የእኛ ሰፈር መሬት እኮ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ነው» አለች። አንዲት ቃል ለእናትና ለልጅ የተለያየ ነገር ስትነግራቸው ሰማሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የዚያ ምሽት ወሬ ነው።

ከ«ገዛ» ልነሣ። አማርኛ በገንዘብ ዕቃን የራስ ማድረግንና አገር ማስተዳደርን በአንድ ቃል ይጠራል። ገዢ ስንል ዳቦ የሚገዛውም ነው፣ ሕዝብ የሚገዛውም ነው። ግዢ፣ ግዛት፣ አገዛዝ፣ ተገዢ ሁሉም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። በግእዝ ገዝአ ማለት ጌታ ሆነ፣ ሠለጠነ ማለት ነው፤ እግዚእ የወጣው ከዚያ ነው፣ እግዚአብሔርም የብሔር ጌታ፣ የዓለም ገዢ ማለት ነው። ለገበያው ግዢ ግን ግእዝ ሌላ ቃል ነበረው፤ ሤጠ ሲል ሸጠ፣ ተሣየጠ ሲል ገዛ ማለቱ ነው። ሻጭና ገዢ በአንድ ሥር፣ እንደ አንድ ሚዛን ሁለት ጎን ይቆሙ ነበር። አማርኛ «ሤጠ»ን ወደ «ሸጠ» ለውጦ ለሻጩ ብቻ አስቀረው፤ ለገዢው የጌትነቱን ቃል ሰጠው። ትግርኛ ለግዢ «ዓደገ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ ገበያ «ዕዳጋ» የተባለው ከዚያ ነው።

«ገዛ» ሦስተኛም ሥራ አለው። «በገዛ እጁ»፣ «የገዛ ልጁ»፣ «በገዛ ፈቃዱ» እንላለን። እዚህ ላይ ገንዘብም ዙፋንም የለም፤ ቃሉ «የራስ» ማለት ሆኗል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «መኪና ገዛሁ» ሲል ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይላል፦ ከፈልኩ፣ አዘዝኩበት፣ የራሴ ሆነ። ብዙ ቋንቋ ይህን ለማለት ሦስት ግስ ያስፈልገዋል።

«ኪራይ» ሌላ መንገድ ይዞ የመጣ ቃል ነው። ግእዝ የተማረ ሰው «ከረየ»ን ያስብ ይሆናል፤ ግን የግእዙ ከረየ ትርጉሙ ቆፈረ ነው፣ ከኪራይ ጋር ዝምድና የለውም። የእኛ ኪራይ ከዐረብኛው «ኪራእ» የመጣ ነው። በዐረብኛ ከዚሁ ሥር የወጣው «ሙካሪ» የሚባለው ሰው በቅሎና አህያ እያከራየ መንገደኛ የሚያጓጉዝ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ዛሬ ኪራይ ሲባል ቶሎ የሚታየን ቤት ነው፤ ቃሉ ግን በትውልድ አገሩ የበቅሎና የኮርቻ ሽታ አለው። ተከራዩ በቅሎዋን ይጭናል፣ ይጋልባል፣ መንገዱ ሲያልቅ ለባለቤቷ ይመልሳል፤ ጀርባዋን ካቆሰላት ይጠየቅበታል። የመኪና ሊዝ ይህን በቅሎ በወረቀት ላይ ያሰፈረ ውል ነው።

እንግዲህ «ሊዝ»። እንግሊዝኛው ቃሉን ያገኘው ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ መተው፣ መልቀቅ ነው። ከዚያም ወዲያ ከላቲኑ «ላክሳሬ» ይመዘዛል፤ ማላላት፣ መፍታት ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ተቀባዩ አይደለም፤ ስለ ሰጪው ነው። ባለቤቱ ገመዱን ለጊዜው አላላ፣ ጫፉን ግን አልለቀቀም። «ገዛ» ከያዘው ሰው በኩል ሲያይ፣ «ሊዝ» ካላላው ሰው በኩል ያያል።

ይህ ቃል ወደ አማርኛ የገባው በመኪና በኩል ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም። የገባው ግን በመሬት በኩል ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መሬት አይሸጥም፣ አይገዛም። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ ስለሚያዝበት አዋጅ ወጣና «ሊዝ» የከተማ ሰው ሁሉ ቃል ሆነ። የሊዝ ጨረታ፣ የሊዝ ዋጋ በካሬ ሜትር፣ የሊዝ ውል ይባላል። በሊዝ ሕጉ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው። ሰው በሊዝ ቦታ ላይ ቤት ይሠራል፣ ለልጁ ያወርሳል፣ መብቱን በዋስትና ያስይዛል። መግዛት በማይቻልበት ነገር ላይ ለመግዛት እጅግ የቀረበው መንገድ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ሰው ጆሮ «ሊዝ» ማለት «የኔ» ለማለት ጥቂት የቀረው ቃል ነው። እህቴ ዘጠና ዘጠኝ ያለችው ስለዚህ ነው፤ አልተሳሳተችም።

በአሜሪካ የመኪና ሊዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ሻጩ የጻፈውን ሒሳብ ቁጥሩን አጠጋግቼ ላሳይ። የመኪናዋ ዋጋ 18,000 ዶላር ነው እንበል። ኩባንያው ከ36 ወር በኋላ 9,000 ታወጣለች ብሎ ይገምታል፤ ይህ ቀሪ ዋጋ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው በመካከል የሚረግፈውን 9,000 ነው፤ ለ36 ሲካፈል በወር 250 ይሆናል። በላዩ ላይ የገንዘቡ ዋጋ አለ። ዋጋውንና ቀሪ ዋጋውን ደምረው፣ 27,000፣ «መኒ ፋክተር» በሚሉት ቁጥር ያባዙታል፤ 0.00125 ከሆነ 33.75 ይመጣል። ድምሩ ያለ ግብር 283.75 ነው። ያቺን ትንሽ ቁጥር ያየ ሰው ወለድ የለም ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ በ2,400 ሲያባዛት ግን በዓመት 3 በመቶ ወለድ ሆና ትገኛለች። ሻጩ ይህን ካልነገራችሁ ራሳችሁ አባዙት።

በዚያው 3 በመቶ በ60 ወር ብድር ብትገዛት ደግሞ በወር 323 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ይሆናል። ልዩነቱ በወር 40 ዶላር ገደማ ነው። በሊዙ ሦስት ዓመት ሲሞላ 10,215 ዶላር ወጥቶ ቁልፉ ይመለሳል። በብድሩ አምስት ዓመት ሲሞላ መኪናዋ ደጅ ላይ ትቀራለች።

«ወለድ» ካልኩ አይቀር፣ ይህም ቃል ልብ ይባል። ከወለደ ነው፤ ብር ብርን ወለደ እንደማለት። የጥንት ግሪኮችም ወለድን «ቶኮስ» ይሉት ነበር፤ ቶኮስ ማለት ልጅ፣ መውለድ ማለት ነው። ሁለት ሩቅ ቋንቋዎች አንድ ነገር አይተዋል።

በሊዙ ወረቀት ላይ የእህቴን ልጅ የያዛት ሌላ መስመር ነበር፤ የማይል ገደብ። በዓመት 12,000 ማይል፣ ከዚያ ላለፈው ለእያንዳንዱ ማይል 20 ሳንቲም። ሥራዋ ሩቅ ነው፣ ልጆቹ ሌላ ሰፈር ይማራሉ፤ በዓመት 15,000 እንደምትነዳ ታውቃለች። በሦስት ዓመት 9,000 ማይል ይተርፋል፤ 1,800 ዶላር ማለት ነው። ልጆቹ ወንበሩ ላይ ጭማቂ ካፈሰሱ፣ በሩ ከተጫረ፣ እሱም ይቆጠራል። በቅሎዋ ቆስላ ተመለሰች ይባላል። «ጋሼ፣ ታዲያ ይሄ ኪራይ ነው እንጂ!» አለች። እኔ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ የደረስኩበት ቦታ እሷ በአንድ ገጽ ወረቀት ደረሰች።

አማርኛ ከመኪና ጋር ስንት ቃል እንደተቀበለ አስቡት። መኪና ራሱ ከጣሊያንኛው «ማኪና» ነው፤ ከላቲን አልፎ ግሪክ የሚደርስ ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ታርጋ፣ ሁሉም ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። «ፖርቶመጋላ»ማ ጣሊያኖች ራሳቸው ቢሰሙት «ፖርታባጋሊ» መሆኑን ለመለየት ቆም ብለው ያስባሉ። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ትንሿ የፊያት ታክሲ «ሰይቼንቶ» የተባለችው ስድስት መቶ ከሚለው ቁጥሯ ነው። አዲስ ነገር አዲስ ስም ይዞ ሲመጣ መቀበል ደግ ነው፤ ፍሬቻን በግእዝ ካልሰየምን አልልም። የራሳችን የሆነው የመያዝ ቃል ነው፦ ገዛ፣ ሸጠ፣ ዕዳ፣ ንብረት። «ንብረት» ከነበረ፣ ማለትም ከተቀመጠ፣ ከኖረ የወጣ ነው፤ ያለህ ነገር አብሮህ የሚቀመጠው ነው። «መድን» ከመድኅን፣ ከአዳኝ የወጣ ነው፤ በሊዝ የያዛችሁት መኪና ላይ አከራዩ ሙሉ መድን ግዙ የሚላችሁም የሚድነው የእሱ ንብረት ስለሆነ ነው።

በብድር የገዛ ሰውስ ገዝቷል? ይህን እህቴ ጠይቃኝ ነበር። ዕዳው እስኪያልቅ በባለቤትነቱ ወረቀት ላይ የአበዳሪው ስም ይኖራል፤ ክፍያው ከተቋረጠም መኪናውን ይወስዳል። ቢሆንም የማይል ገደብ የለም፣ የተጫረ በር የሚቆጥር የለም፣ በፈለጉ ጊዜ መሸጥ ይቻላል። በእኔ ፍርድ ይህ «ገዛ» የሚለውን ቃል ይሸከማል፤ ሊዙ ግን አይሸከምም። ሊዝ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ትንሽ የሚነዳ፣ በየሦስት ዓመቱ መኪና መለወጥ የሚፈልግ ሰው፣ ወይም የሥራውን ወጪ ከግብር የሚያስቀንስ፣ ሒሳቡ ሊያዋጣው ይችላል። ኪራይ መሆኑን አውቆ ይግባበት ነው የምለው።

የእህቴ ልጅ ገዛቻት። ኒሳን ኪዩብን እ.ኤ.አ. ከ2014 በኋላ አሜሪካ ውስጥ መሸጡን አቆመ። የልጅቱ ዕዳ በ2008 ዓ.ም. አለቀ፤ የአበዳሪው ስም የወጣለት ወረቀት በፖስታ መጣ። ያን ዕለት ለእናቷ ደውላ «እማዬ፣ አሁን የገዛ መኪናዬ ነች» አለቻት። ሁለቱን «ገዛ» ለይታ ባትጠራቸውም በአንድ ላይ ተናገረቻቸው።

አንድ ልመና አለኝ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ የሸማቾች ሕግ አለ፤ አከራዩ ወርኃዊ ክፍያውን፣ ጠቅላላ ድምሩንና በመመለሻው ቀን የሚጠየቀውን በጽሑፍ እንዲያሳይ ያስገድዳል። አዲስ የመጣ ወገን ግን ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው፤ ወደ አስተርጓሚዎች፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጅ ወረቀት ለምታነቡለት ወንድሞችና እህቶች። «ሊዝ» ብላችሁ አትለፉት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በዚያ ቃል ውስጥ የሚሰማው ዘጠና ዘጠኝ ዓመትና የልጆች ርስት ነው። የአገራችን ሕግ ራሱ ለማሽነሪ ሲሆን «የካፒታል ዕቃ ኪራይ» ብሎታል። እናንተም «የመኪና ኪራይ፣ ሦስት ዓመት፣ የሚመለስ» ብላችሁ በአማርኛ ንገሩት፤ ከዚያ በኋላ ይፈርም።