በሕፃናት አንገት ላይ በተፈጥሮ የሚከሰቱ እብጠቶች፦ ምርመራና ቀዶ ሕክምና

አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንገታቸው ላይ እብጠት ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ትንሽ ቀዳዳ ይታይባቸዋል። አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ በሕክምናም ይድናል። ይሁን እንጂ ንፍፊት፣ እንቅርት ወይም ተራ እባጭ ነው ተብሎ በቤት ውስጥ ሲበጣ ወይም ሲተኮስ ለመመርቀዝ፣ ለደም መፍሰስና ለጠባሳ ይዳርጋል፤ በኋላ የሚደረገውንም ቀዶ ሕክምና ያከብዳል።

መንስኤ

በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት በፅንሱ አንገት ላይ ጊዜያዊ ቱቦዎችና ስንጥቆች ይኖራሉ። ከመወለዱ በፊት ሳይጠፉ ሲቀሩ እብጠት ወይም ቀዳዳ ይፈጥራሉ። ይህ በእናት ጥፋት የሚመጣ አይደለም።

ዋና ዋና ዓይነቶች

• በአንገት መካከል የሚወጣ እብጠት፦ የታይሮይድ ዕጢ በፅንስነት ከምላስ ሥር ወደ አንገት ከወረደበት መስመር የቀረ ነው። ልጁ ሲውጥ ወይም ምላሱን ሲያወጣ ወደ ላይ ይንቀሳቀሳል።
• በአንገት ጎን የሚገኝ እብጠት ወይም ቀዳዳ፦ ንፍጥ መሰል ፈሳሽ ሊያወጣና በተደጋጋሚ ሊያመረቅዝ ይችላል።
• ለስላሳ የሊምፍ እብጠት፦ ፈሳሽ የቋጠረ በመሆኑ ብርሃን ያሳልፋል። ሲተልቅ የአየር ቧንቧን ሊጫን ይችላል።
• የአንገት ጡንቻ እብጠት፦ በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ጠጠር ብሎ ይታያል፤ የሕፃኑም ራስ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በወጌሻ መታሸት የለበትም። ባለሙያ ለወላጆች በሚያሳየው የማሳሳብ እንቅስቃሴ አብዛኞቹ ሕፃናት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ።

ምርመራ

ሐኪሙ እብጠቱ የጀመረበትን ጊዜ ይጠይቃል፤ ቦታውንና እንቅስቃሴውን ይመረምራል። ቀጥሎ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የሌለው አልትራሳውንድ ነው። በመካከል ያለ እብጠት ከመወገዱ በፊት ጤናማ የታይሮይድ ዕጢ በቦታው መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ አልፎ አልፎ እብጠቱ ራሱ የሕፃኑ ብቸኛ ዕጢ ሊሆን ይችላልና።

ቀዶ ሕክምና

ያመረቀዘ እብጠት በቅድሚያ በመድኃኒት ይታከማል፤ ቀዶ ሕክምናውም ቁስለቱ ከረገበ በኋላ በሙሉ ማደንዘዣ ይከናወናል። ዓላማው እብጠቱን ከነሥሩ ማውጣት ነው፤ ከፊሉ ከቀረ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ምክንያት በመካከል ያለው እብጠት ሲወጣ ከምላስ ሥር ያለው ትንሽ አጥንት መካከለኛ ክፍል አብሮ ይወገዳል። ይህን ስልት አሜሪካዊው ሐኪም ሲስትረንክ በ1920 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጓል። አንዳንድ የሊምፍ እብጠቶች ደግሞ በሚያኮማትር መድኃኒት መርፌ ይታከማሉ።

አስቸኳይ ምልክቶች

ሕፃኑ መተንፈስ ሲቸግረው፣ ሲያቃስት፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ መጥባት ሲያቅተው ወይም እብጠቱ በድንገት ሲጨምር፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ወዲያውኑ መወሰድ አለበት።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በደብረ ኤልያስ ወረዳና በአካባቢው የሚኖሩ ወላጆች ሕፃኑን በቅድሚያ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳየት ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይችላሉ። ከዚያ በሪፈራል ወረቀት ወደ ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ እንደ ሁኔታውም ባሕር ዳር ወደሚገኙት ጥበበ ጊዮንና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታሎች ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የመታወቂያ ደብተራቸውን መያዝና የሪፈራል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባቸዋል። የሕፃኑ የክትባት ካርድና የቀድሞ ምርመራ ውጤቶችም አብረው ሊቀርቡ ይገባል።