ቦምቡስ፦ ከአንዲት እናት የሚጀምር ጎጆ

በክረምቱ ማብቂያና በፋሲካ ሰሞን በሐደራ አካባቢ አበባ ባለበት ሁሉ አንዲት ወፍራም ንብ ትታያለች። ከማር ንብ ትበልጣለች፣ ሰውነቷ ጠጉራም ነው፣ በጥቁር ገላዋ ላይ ቢጫ መቀነት የታጠቀች ትመስላለች፣ የጭራዋ ጫፍ ነጭ ነው። ስትበር ድምጿ ከሩቅ ይሰማል። በዕብራይስጥ ቦምቡስ ትባላለች። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ እርሷ ተምረው ሲመጡ፣ ብዙ ወላጆች ስሟን እንኳ ሰምተውት አያውቁም። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ቦምቡስ በኢትዮጵያም ሆነ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለችም። በአገር ቤት እንጨት ቦርቡራ የምትኖረው ትልቅ ጥቁር ንብ ትመስላታለች እንጂ ዘሯ ሌላ ነው።

ከማር ንብና ከጣዝማ በምን ትለያለች?

የማር ንብ ቀፎ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ሲበዛ ይከፈልና ከፊሉ መንጋ እናቱን ይዞ ይወጣል። እኛ ያችን እናት «አውራ» ብለን ብንጠራትም ሴት ናት፤ እንቁላል የምትጥለው እርስዋ ናት። ጣዝማ ደግሞ ከመሬት ውስጥ ትኖራለች፣ አትናደፍም፣ ማሯም ለመድኃኒት ይፈለጋል።

ቦምቡስም እንደ ጣዝማ ብዙ ጊዜ ከመሬት ውስጥ፣ በተለይም አይጥ በለቀቀው ጉድጓድ ትኖራለች፤ ነገር ግን መናደፊያ አላት። የምታከማቸው ማር ለዕለት ምግብ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ሰው አይቆርጠውም። ትልቁ ልዩነት ግን ዕድሜው ነው፦ የቦምቡስ ቤተሰብ ከአንድ ወቅት አያልፍም፤ የሚጀምረውም ብቻዋን ከሆነች አንዲት እናት ነው።

ጎጆው እንዴት ይመሠረታል?

በአገራችን ቆላማ ቦታዎች ወጣቷ ንግሥት ደረቁንና ሞቃቱን በጋ ከመሬት ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች። ዝናብ ጥሎ አበባ ሲፈነዳ ትወጣለች። የዚያን ጊዜ ከወንድ ጋር ተገናኝታ የወንዱን ዘር በሆዷ ባለ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይዛለች። ጉድጓድ ትፈልጋለች፣ የአበባ ዱቄት ታከማቻለች፣ ከሰም ትንሽ ገንቦ ሠርታ ጣፋጩን የአበባ ፈሳሽ ትሞላበታለች። ከዚያ እንቁላሏን ጥላ እንደ ዶሮ ትታቀፋለች። የክንፏን ጡንቻዎች እያንቀጠቀጠች እስከ 30 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ትሰጣቸዋለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ እስኪወጡ ድረስ ምግብ የምታመጣውም፣ የምታሞቀውም እርስዋ ብቻ ናት።

በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ጋይ ብሎክ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳተመው፣ ልጆች ያሏት ንግሥት ቀንም ሌሊትም ሳትለይ ትሠራለች። ልጆቹ ከተወሰዱባት ግን ወደ ተለመደው የቀንና የሌሊት ሥርዓት ትመለሳለች።

የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆች ሲወጡ እናትየዋ ከቤት መውጣት ትተዋለች። በአንድ ጎጆ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች መጠናቸው በጣም ይለያያል፤ ትልቋ ከትንሿ እስከ አሥር እጥፍ ልትከብድ ትችላለች። ትልልቆቹ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ፣ ትንንሾቹ ቤት ውስጥ ልጆች ያሳድጋሉ። የጎጆው ብዛት እስከ ጥቂት መቶ ይደርሳል።

ሴትና ወንድ እንዴት ይወለዳሉ?

ንግሥቲቱ እንቁላል ስትጥል ካስቀመጠችው የወንድ ዘር ከጨመረችበት ሴት ይወለዳል፤ ካልጨመረችበት ወንድ ይወለዳል። ስለዚህ ወንዱ ቦምቡስ አባት የለውም፤ በእናቱ በኩል ግን አያት አለው። የማር ንብም በዚህ ረገድ እንደዚሁ ነው።

ሰላሙ የሚፈርስበት ጊዜ

በመጀመሪያ ሴት ልጆቹ እናታቸውን ብቻ ያገለግላሉ። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ከወጣች ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዳንድ ሠራተኞች ራሳቸው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። የእናታቸውን እንቁላል ይበላሉ፤ እርስዋም የእነርሱን ትበላለች። ይገፋፋሉ፣ ይናከሳሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ንግሥቲቱ በልጆቿ ትገደላለች። በ1990ዎቹ ፕሮፌሰር አብርሃም ሔፌጽና ጋይ ብሎክ ይህን አጥንተው፣ እንቁላል መጣልን የምታግደው ንግሥቲቱ ብቻ ሳትሆን የበላይነት የያዙ ሠራተኞችም መሆናቸውን አሳይተዋል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ሠራተኛዋ ከወንድ ጋር ስላልተገናኘች ወንድ ልጅ ብቻ ልትወልድ ትችላለች። በዘር ሲሰላ ከእኅቷ ጋር ሦስት አራተኛ፣ ከራሷ ልጅ ጋር ግማሽ፣ ከወንድሟ ጋር አንድ አራተኛ ብቻ ትጋራለች። እናቷ እኅቶችን እስከወለደች ድረስ መርዳቱ ይሻላታል። እናቷ ወንዶችን መውለድ ስትጀምር ግን የራሷ ልጅ ከወንድሟ ይልቅ ይቀርባታል። ስለዚህ ጠቡ የሚነሣው ቤቱ ስለተበላሸ አይደለም፤ ከተፈጥሮዋ የመጣ ነው።

በዚህ ጊዜ ወጣት ንግሥቶችና ወንዶች ይወጣሉ። ግንኙነቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ንግሥቲቱም በአብዛኛው ከአንድ ወንድ ጋር ብቻ ትገናኛለች። ከዚያ አሮጊቷ እናት፣ ሠራተኞቹና ወንዶቹ ሁሉ ይሞታሉ። የሚተርፉት ለሚመጣው ዓመት የሚተኙት ወጣት ንግሥቶች ብቻ ናቸው።

የምንበላው ቲማቲምና ቦምቡስ

የቲማቲም አበባ ዱቄቱን እንደ ጨው መነስነሻ በጠባብ ቀዳዳ ዘግቶ ይይዛል። ቦምቡስ አበባውን በአፏ ነክሳ ስታንቀጠቅጠው ዱቄቱ ይወርዳል፤ የማር ንብ ይህን አትችልም። ቀድሞ በሐማማ ውስጥ ሠራተኞች አበባውን በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይነቀንቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የቤልጂጉ የእንስሳት ሐኪም ሮላንድ ደ ዮንግ ቦምቡስ ይህን ሥራ በሚገባ እንደምትሠራ ተገነዘበ። በእስራኤል በቤት ሸአን ሸለቆ፣ በስዴ ኤሊያሁ ቂቡጽ የሚገኘው ቢዮ ቢ ድርጅት ቦምቡስን እያራባ ለገበሬዎች ያቀርባል። ቦምቡስ ባለችበት ሐማማ ገበሬው መርዝ ሲረጭ መጠንቀቅ አለበት።

ጉዳትም ሊኖር ይችላል። ከሐደራ በስተሰሜን ባለው በቀርሜሎስ ተራራ ቦምቡስ እየበዛች መምጣቷን ተመልክተው፣ አሞጽ ዳፍኒና አቪ ሽሚዳ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ በአካባቢው ተፈጥሮ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት አንስተዋል።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

• በግቢያችሁ የቦምቡስ ጉድጓድ ካገኛችሁ አትድፈኑት፣ መርዝም አታፍስሱበት። በጋው ሲገባ በራሱ ያልቃል።
• የምትናደፈው ሴቷ ብቻ ናት፤ ጎጆዋ ካልተነካ ወይም ካልተያዘች በቀር አብዛኛውን ጊዜ አትናደፍም። መናደፊያዋ እንደ ማር ንብ በቆዳ ላይ ተነቅሎ ስለማይቀር ደግማ ልትናደፍ ትችላለች።
• ከተነደፈ በኋላ ፊቱ ወይም ጉሮሮው ያበጠ፣ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም 101 ደውሉ።
• በሐማማ የምትሠሩ፣ የቦምቡስን ሣጥን ያለ ኃላፊው ፈቃድ አታንቀሳቅሱ፣ መውጫዋንም አትዝጉ።

ልጆቻችሁ ስለ ቦምቡስ ሲጠይቋችሁ እናንተም ስለ ጣዝማና ስለ ቀፎ ንብ የምታውቁትን ንገሯቸው። ያንን በመጽሐፋቸው ላይ አያገኙትም።