ከምፅዋ የተነሣ ሳፋሪ

በስዋሂሊ «ሳፋሪ» ማለት ጉዞ ነው፤ በቃ። ከናይሮቢ ኪሱሙ አክስቱን ለመጠየቅ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰውም ሳፋሪ ላይ ነው። ቃሉ ወደ ስዋሂሊ የገባው ከዐረብኛ ሲሆን፣ አንበሳም ካሜራም በውስጡ የለም። እነዚህን የጨመሩበት ፈረንጆች ናቸው።

ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ግን የሚታየን ሌላ ነገር ነው። ኬንያ ውስጥ ወደ ማሳይ ማራ የሚሄድ ጎብኚ ገና ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቀሳል። አንበሳ ፀሐይ ሳይበረታ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ስለዚህ ቡናውን ፉት ብሎ፣ ብርድ ልብሱን ደርቦ፣ ጣሪያው ወደ ላይ በሚከፈት መኪና ይወጣል። ኪሱ የሚችል በሙቅ አየር በሚንሳፈፍ ባሉን ሆኖ ሜዳውን ከላይ ያያል። ቀትር ላይ እረፍት፣ ዐሥር ሰዓት ላይ እንደገና መኪና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ኮረብታ ላይ ቀዝቃዛ መጠጥ። በመሃል የማሳይ መንደር ጉብኝት አለ፦ ቀይ ኩታ የደረቡ ወጣቶች ሽቅብ ይዘላሉ፣ እናቶች ዶቃ ይሸጣሉ፣ ፎቶ ይነሣል። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ደስ አይልም ብል ዋሾ ነኝ።

የጉዞ ማስታወቂያዎቹ ታዲያ ስለዚህ ሜዳ የሚነግሩን አንድ ነገር አለ። ከፍጥረት ጀምሮ የሰው እጅ ያልነካው አፍሪካ ይሄ ነው ይሉናል። እኔ ደግሞ የምለው፣ ይህ ሜዳ በዛሬ መልኩ ከአዲስ አበባ በዕድሜ ያንሳል። ታሪኩም የሚጀምረው ከኬንያ ሳይሆን ከምፅዋ ወደብ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አበባ በተቆረቆረች በዓመቱ፣ በ1887፣ ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው ከሕንድ ያስመጧቸው ከብቶች ምፅዋ ላይ ወረዱ። አብሮ የወረደው በሽታ በዚህ አገር ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ ታይቶ አይታወቅም። እኛ ዘንድ ስሙ «ደስታ» ነው። ለእንዲህ ያለ መቅሠፍት ይህን ስም ያወጣው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ፤ ስሙን በቀጥታ ጠርቶ እንዳይጋብዘው ፈርቶ ይሆናል። በሽታው ከብት አይምርም፦ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ተቅማጥ፣ በሳምንት በዐሥር ቀን ሞት። ከሰሜን እስከ ደቡብ በሬው አለቀ። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ይቆማል፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ከ1888 እስከ 1892 የቆየውን ያን ዘመን አያቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ተጽፏል።

ይህንን ትምህርት ቤት ተምረነዋል። የተማርነው ግን እስከ ድንበራችን ድረስ ነው። በሽታው ድንበር ላይ ቆሞ ፓስፖርት አልጠየቀም፤ ወደ ደቡብ ቀጠለ። በ1890ዎቹ መባቻ ዛሬ ኬንያና ታንዛኒያ በምንላቸው አገሮች ነበር፤ ምፅዋ ከገባ በዐሥር ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ኬፕ ደረሰ። እውነተኛው ታላቅ ሳፋሪ ካለ ይሄ ነው።

ማሳዮች የሚኖሩት በከብት ነው። ወተቱ ምግብ፣ ቆዳው አልጋ፣ ጥሎሹም ካሳውም ላም። ከመቶ ዘጠናው ከብት አለቀ ይባላል። በላዩ ላይ ፈንጣጣ መጣ፤ በታላቁ መሪያቸው በምባቲያን ሞት ማግስት ደግሞ ልጆቹ ተጣልተው እርስ በርስ ተዋጉ። ያን ጊዜ ማሳዮች «ኢሙታይ» ይሉታል፤ ጨርሶ መጥፋት እንደማለት ነው። በ1892 ወደ ንጎሮንጎሮ የመጣው ኦስትሪያዊው አሳሽ ኦስካር ባውማን ያያቸው ማሳዮች አጥንታቸው የወጣ፣ ከመንገደኛ ምግብ የሚለምኑ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነጋዴዎች ስማቸውን ሲሰሙ መንገድ ይቀይሩላቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው እነዚህ።

በሽታው የዱሩንም አልተወም። ጎሹ፣ ቀጭኔው፣ ዊልደቢስቱ አብሮ ወደቀ። (ዊልደቢስት የላም ቀንድ፣ የፈረስ ጅራት፣ የፍየል ጢም ተሰጥቶት የተሠራ የሚመስል የዱር እንስሳ ነው፤ የአማርኛ ስም ስለሌለው እንዲሁ ልጥራው።) ከብት የሚግጠው፣ እረኛ የሚያቃጥለው ሣር ባለቤት ሲያጣ ቁጥቋጦ ወረሰው። ቁጥቋጦው ውስጥ የገንዲ በሽታ አስተላላፊው ፄፄ ዝንብ ገባ። ዝንቡ ካለ ከብት አይመለስም፤ ከብት ካልተመለሰ ሰው አይመለስም። ዛሬ ባሉን የሚያንሳፍፉበት የማራ ሜዳ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ጥቅጥቅ ያለ ጫካና ቁጥቋጦ ነበር።

እንግሊዞች ታዲያ የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1896 ተጀምሮ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር አለቀ። ሐዲዱ ያለፈበት አገር ባዶ መስሎ ታያቸው። በ1904 ከማሳዮች ጋር ውል ተፈረመ፤ ምርጡን የስምጥ ሸለቆ ግጦሽ ለነጭ ገበሬዎች ለቀው፣ ከፊሎቹ ሰሜን ላይኪፒያ፣ ከፊሎቹ ደቡብ እንዲሰፍሩ። ውሉ የማሳይ ዘር እስካለ ድረስ ይጸናል ተባለ። የጸናው ሰባት ዓመት ነው። በ1911 ሌላ ውል መጣና የላይኪፒያዎቹም ወደ ደቡብ ተነዱ። ማሳዮች ጠበቃ ገዝተው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1913 የተሰጣቸው መልስ የሚገርም ነው፦ እናንተ ከዘውዱ ጋር የተዋዋላችሁት እንደ ሌላ አገር መንግሥት ነው፣ ስለዚህ ይህ ፍርድ ቤት ጉዳያችሁን ማየት አይችልም። መሬታቸው ሲወሰድ ተገዢ፣ ሊከሱ ሲመጡ የውጭ አገር ሆኑ ማለት ነው።

በሁለቱ ውሎች መካከል፣ በሚያዝያ 1909፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት ሞምባሳ ወረደ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱን ካስረከበ ሁለት ወር አልሞላውም። ከልጁ ከከርሚት ጋር፣ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም እንስሳ ሊሰበስብ ነው የመጣው። ዛሬ ሳፋሪ የምንለው ነገር ቅርጹን ያገኘው በዚህ ጉዞ ነው ብል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከሁለት መቶ በላይ ተሸካሚዎች በነፍስ ወከፍ ሃያ ሰባት ኪሎ ያህል ጭነት በራሳቸው ተሸክመው ይከተሉታል። ለቆዳ ማድረቂያ ብቻ አራት ቶን ጨው ነበር። የሚያነባቸው መጻሕፍት በጉዞ እንዳይበላሹ በአሳማ ቆዳ ተለብጠዋል፤ ለመታጠቢያ ውኃ የሚያሞቅለት፣ ድንኳኑን የሚተክልለት፣ ጠመንጃውን የሚይዝለት ሰው ነበረው። አባትና ልጅ ራሳቸው 512 እንስሳት ገደሉ፤ ከነዚህ ውስጥ 17 አንበሳ፣ 11 ዝሆን፣ 20 አውራሪስ። ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጻፈ፣ ዓለም አነበበው፣ ሀብታሙ ሁሉ እኔስ አለ።

እኔን የያዘኝ ግን የእንስሳቱ ቁጥር አይደለም። ሩዝቬልት ባቡሩ ፊት ለፊት በተሠራለት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ወደ ናይሮቢ ሲወጣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ለመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ በፕሌይስቶሲን መካከል ያለፈ ባቡር የሚል ርዕስ ሰጠው። ፕሌይስቶሲን እንግዲህ የበረዶ ዘመን ነው፣ ሰው ገና መንደር ሳይመሠርት የነበረው ዘመን። የሚያየው ግን ከሃያ ዓመት ያነሰ ነገር ነበር። ከተሸካሚዎቹ መካከል ኢሙታይን በልጅነቱ ያየ አልነበረም ማለት ይከብዳል።

«አምስቱ ታላላቆች» የሚባለው ዝርዝርም የመጣው ከአዳኞቹ ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ አውራሪስና ጎሽ የተመረጡት በትልቅነታቸው አይደለም፤ ትልቅነት ቢሆን ቀጭኔና ጉማሬ የት ሄዱ? በእግር ሲታደኑ አደገኞች ስለሆኑ ነው። የኛም ሰው ግዳይ ጥሎ ሲፎክር የሚቆጥረው በዚሁ ሚዛን ነበር፤ ለሚዳቋ ማን ይፎክራል? ጠመንጃው በካሜራ እየተተካ ሄዶ በ1977 ኬንያ አደንን ከለከለች፤ ዝርዝሩ ግን አልተቀየረም። ጎብኚው አሁንም ማታ እራት ላይ «አራት አየሁ፣ ነብር ይቀረኛል» ይላል።

የማራ ሜዳ ወደ ደቡብ ድንበሩን ሲሻገር ታንዛኒያ ውስጥ ሰሬንጌቲ ይባላል። ለእንስሳቱ ድንበር የለምና አንድ አገር ነው። ሰሬንጌቲ በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1959 ማሳዮች ከፓርኩ ተነሥተው ወደ ንጎሮንጎሮ ሄዱ፤ እዚያ ግን ከነከብታችሁ ትኖራላችሁ ተባሉ። ጀርመናዊው በርንሃርድ ግዚሜክ ስለ ሰሬንጌቲ ያዘጋጀው፣ ኦስካር ያሸነፈው ፊልምም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ፊልሙ ለእንስሳቱ የዓለምን ልብ አሸነፈ፤ የተነሡት ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ፊልም አላገኙም። ዛሬ ሰሬንጌቲ ውስጥ ሞሩ በሚባለው ቦታ አስጎብኚዎች መኪና አቁመው ቋጥኝ ላይ የተሳለ የማሳይ ጋሻ ያሳያሉ። ሰው ያልነካው ምድር ላይ ጋሻውን ማን ሣለው?

ማራ አጠገብ አንድ ማታ ያየሁትን እዚህ ጋ ላንሣ። ዊልደቢስቶቹ ሜዳውን ሞልተውታል፤ በመካከላቸው አንድ የማሳይ ልጅ ከብቶቹን ወደ ቤት እየነዳ መጣ። አብራን የነበረች ጎብኚ ላሞቹ ከፎቶዋ እንዲወጡላት ሹፌሩን ለመነችው። እሱም ሞተሩን አጥፍቶ እስኪያልፉ ጠበቀ፤ ምንም አላለም።

ዊልደቢስቶቹ እዚያ የበዙት ግን በላሞቹ ምክንያት ነው። ደስታ በሽታ ከ1890ዎቹ በኋላም ሜዳውን አልለቀቀም፤ በየዓመቱ የዊልደቢስት ጥጆችን ይፈጅ ነበር። ናይሮቢ አቅራቢያ ሙጉጋ በሚገኝ የምርምር ጣቢያ ዋልተር ፕላውራይት የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1960 ገደማ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። የተከተበው ዱሩ አይደለም፤ በፓርኩ ዙሪያ ያለው የእረኛው ከብት ነው። በሽታው ከከብቱ ሲጠፋ ከዱሩም ጠፋ። በ1961 ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበሩት ዊልደቢስቶች በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ተሻገሩ። ሣሩን ስለበሉት እሳት ቀነሰ፤ እሳት ሲቀንስ ሰሬንጌቲ ውስጥ ዛፍ ተመለሰ። በየዓመቱ የማራን ወንዝ እየዘለሉ ሲሻገሩ ዓለም የሚያጨበጭብለት ያ ትዕይንት እንግዲህ ሌላው ቢቀር ግማሹ የክትባት ሥራ ነው። የመጨረሻው የተረጋገጠ የደስታ በሽታ የተገኘው በ2001 ኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በጎሾች ላይ ሲሆን፣ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ሌላ ሰው እንዲህ ያጠፋው በሽታ የለም።

ማሳዮቹ ዘንድ ግን ነገሩ አላለቀም። በ2022 የታንዛኒያ መንግሥት ሎሊዮንዶ ውስጥ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ለዱር እንስሳት ሲከልል ግጭት ተነሥቶ ብዙዎች ወደ ኬንያ ሸሹ። ከንጎሮንጎሮም ቤተሰቦች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው ምሶሜራ እየተጓዙ ነው፤ መንግሥት በፈቃዳቸው ነው ይላል፣ እዚያ የቀሩት ደግሞ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ እየተዳከመብን ነው ይላሉ። ማራ ዙሪያ መንገዱ ለየት ያለ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የማሳይ ባለመሬቶች መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለሎጅ ባለቤቶች ያከራያሉ፤ ኪራዩ በየወሩ ይገባል፣ ከብትም በተራ ይሰማራል። እኔ ከሁለቱ የቱን እንደምመርጥ ግልጽ ነው። ቢሆንም በ2020 ኮሮና ጎብኚውን ሲያስቀር የኪራዩ ገንዘብ አብሮ ተናጋ፤ በዚያ ዓመት ብዙ ቤት ወደ በረቱ ነው የተመለከተው።